የደንባራዋ ግማሽ ዋጋ

ኑርሁሴን የቀይዋን መኪና ኮፈን ከፍቶ አፍንጫውን ወደ ውስጥ ሰደደ። ቤንዚን ሸተተው፣ የተቃጠለ ዘይት ሸተተው፣ ከሥሩም የቆየ አቧራ። በቅሎ ሊገዛ ሲቀርብ አስቀድሞ ትንፋሿን ማሽተት ልማዱ ነው፤ ሳንባዋ የታመመች በቅሎ ጥርሷ ከመታየቱ በፊት ትንፋሿ ያሳብቅባታል ይላል። ከኋላው ሰው ሲስቅ ሰማ። ቀና አላለም።

«ጥርሷንም እያት እንጂ» አለ ባሽር። «ማን ያውቃል፣ የወተት ጥርሷን ገና አልነቀለችም ይሆናል።»

ባሽር የአክስቱ ልጅ ነው። ሁለቱም ያደጉት ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ በየመናዊው አያታቸው ቤት፣ ካንድ ገበታ እየበሉ ነው። ዛሬ ግን ኑርሁሴን ይህን ሰው ይጠላዋል። መቀያየም ብቻ ቢሆን መልካም ነበር፤ ድምፁን ሲሰማ መንገድ የሚያስቀይረው ዓይነት ጥላቻ ነው። ባሽርም አይወደውም። ልዩነታቸው ባሽር እየሳቀ መጥላት የሚችል መሆኑ ነው።

ጣሊያን ከገባ ወዲህ ባሽር ሰው ሆኗል። ወደ አገራቸው የሚመለሱ ጣሊያኖች የሚጥሏቸውን መኪኖች እየለቀመ፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ በቆርቆሮ ባጠረው ግቢ ያስጠግናል፣ ይሸጣል። ለራሱም አንዲት ጥቁር ባለ ጣራ መኪና ይዟል። ጡሩንባዋ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ተነፍቶ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ይሰማል ይባላል። ኑርሁሴንን ዛሬ ከጠላቱ ግቢ ያቆመችው ያቺው ጡሩንባ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ መውጫ ኑርሁሴን ዳለቻን ተቀምጦ የሐረጎን ዳገት ይወጣ ነበር። ዳለቻ አመድማ ሰጋር በቅሎ ነበረች፤ ጀርባዋ ላይ ሆነው ውሃ ቢጠጡ ልብስ አይረጥብም። ባሽር ከኋላ ደረሰና ጥምዝምዙ ላይ፣ ጆሮዋ ሥር፣ ጡሩንባውን ነፋው። አንዴ ቢነፋ ሰው ነው፣ ይሳሳታል ይባል ነበር። እሱ ግን እየሳቀ ደጋገመው። ዳለቻ በሁለት እግሯ ቆመች። ኑርሁሴን በመንገዱ በኩል ወደቀ፣ እሷ በገደሉ በኩል። ቶሎ እንኳ አልሞተችም፤ ከላይ ሆኖ እስክትጨርስ ድረስ ሰማት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የሽማግሌዎቹ አውራ ሐጂ ወሌ ነበሩ፤ ደሴ ውስጥ ቃላቸው ከመሬት የማይወድቅ ሰው ናቸው። ባሽር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመና፣ «ወላሂ እኔ መንገድ ልቀቅልኝ ማለቴ ነው። ድሮም በቅሎዋ ደንባራ ናት። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ሆነ እንጂ የኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?» አለ። ጉባኤው ሳቀ። ሽማግሌ ከሳቀ ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ሐጂ ወሌም እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፤ «ደህና በቅሎ ጡሩንባ አይደነብራትም። የኔ በቅሎ፣ ጉራች፣ ይኸን ሁሉ ዘመን ስትሸከመኝ፣ መድፍ ሲያጓራ እንኳ ጆሮዋን ቀጥ አላደረገችም። ያም ሆኖ ባሽር መንፋት አልነበረበትም።» ስለዚህ ባሽር የደንባራ በቅሎ ዋጋ፣ ማለት የደህናዋን ግማሽ፣ ይካስ። ገንዘብ እጄ ላይ የለም ካለ ከግቢው መኪና ይስጥ። ኑርሁሴንም ከፈለገ ከራሱ ጨምሮ የወደዳትን ይምረጥ።

ግማሽ ዋጋ። የገንዘቡ መጉደል ለኑርሁሴን ምኑም አልነበረም። አባቱም እሱም የኖሩት በቅሎ ገርተው፣ አሰግረው በመሸጥ ነው። «በነኑርሁሴን እጅ ያለፈች ናት» ከተባለ ከራያ እስከ ወረኢሉ የሚጠራጠር አልነበረም። ከዚያች ፍርድ ወዲህ ግን ሰኞ ገበያ በገባ ቁጥር አንዱ ሥራ ፈት ከኪሱ ቃጭል አውጥቶ ያንቃጭልበታል፤ ሌላው ይስቃል። ገርቶ ያወጣትን በቅሎ ቆሞ የሚያያት እንኳ ጠፋ። እሱ የሚፈልገው አንዲት ቃል ነበረች፤ ባሽር በሐጂ ወሌ ፊት «ዳለቻ ደንባራ አልነበረችም» እንዲል። ያችን ቃል የሚያስወጣለት ዳኛ ቢያጣ ጊዜ፣ ቢያንስ ሐረጎ ላይ ያንን ጥቁር መኪና አቧራ አልብሶ የሚያልፍ ነገር ልግዛ ብሎ መጣ።

እህቱ ሁስኒያ «እህል የሚጭን ግዛ፣ ሥራ የሚሠራ» ብላው ነበር።

«የምገዛው የሚፈጥን ነው» አላት።

«ፈጥነህ የት ልትደርስበት?»

በማግሥቱ የዳለቻን በብር የተለበጠ ኮርቻ አውጥቶ ሸጠና በግማሹ ዋጋ ላይ ጨመረው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚደርስባቸው መኪኖች ሦስት ነበሩ። አንደኛዋ መኪና ለመባል ይከብዳል፤ ጎኗ ላይ ቅርጫት የመሰለ መቀመጫ የተለጠፈባት ሞተር ብስክሌት ናት። ዘሎ ወጣባትና ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረባት። ትሮጣለች፣ ሐሰት አይነገርም፤ ነገር ግን ወደ ግራ ስትታጠፍ ያ ቅርጫት ከመሬት እየተነሣ ሰው ሊገለብጥ ይዳዳዋል። ሁለተኛዋ አረንጓዴ፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው ነበረች። የባሽር ሠራተኛ በላቸው ሲያስነሳት ቆርቆሮው አጥር ሁሉ ተርገፈገፈ። የኑርሁሴን ልብም አብሮ ተርገፈገፈ። እንዲህ ያለ ጉልበት ከእጁ ገብቶ አያውቅም።

«እሷን ውሰድ» አለ ባሽር። «የወንድ መኪና ናት። ያቺ ቀይዋ የሴት መጫወቻ ናት።»

ኑርሁሴን መኪና መንዳት የተማረው በአሰብ መንገድ ነው፤ ሁለት በጋ ለአንድ የመናዊ ሹፌር ረዳት ሆኖ ሠርቷል። አባቱ ደግሞ፣ «በቅሎ ዳገት ላይ ታታልልሃለች፣ እውነቷን የምታወጣው ቁልቁለት ላይ ነው» ይሉ ነበር። አረንጓዴዋን ከግቢው በስተጀርባ ወዳለው ተዳፋት ወሰዳትና ለቀቃት። ፍሬን ሲይዝ አፍንጫዋን ወደ ቀኝ ጣለች። ደግሞ ያዘ፤ ደግማ ጣለች። ሐረጎ ላይ ቀኙ ገደል ነው። ባሽር ይህን እያወቀ ነበር «ውሰዳት» ያለው፤ ኑርሁሴን ይህን ሲረዳ መልሶ አቆማት።

ሦስተኛዋ ቀይዋ ናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራ የሌላት፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ። ባትሪዋም ደክሞ ሞተሯን ማዞር አይችልም፤ በላቸው ማኒቬላውን፣ ማስነሻውን ብረት፣ ከአፍንጫዋ ሥር ሰክቶ በክንዱ ነው ያዞረላት። በተዳፋቱ ላይ ለቀቃት፤ ፍሬን ያዘ፤ ባለችበት ቀጥ ብላ ቆመች። መሪዋን ገና ሊያዞር ሲያስብ ትታጠፋለች። ኑርሁሴን ሳያስበው ፈገግ አለና ወዲያው ፊቱን አጠቆረ፤ ባሽር እያየው ነበር።

ሐጂ ወሌ ለምስክርነት ከደሴ ድረስ ወርደው፣ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«መረጥህ ልጄ?»

«መርጫለሁ አባባ ሐጂ። ቀይዋን።»

«ከበር ከወጣች መመለስ የለም። ነገሩም በዚሁ ይዘጋል።»

«መኪናዋን አልመልስም» አለ ኑርሁሴን። ስለ ነገሩ መዘጋት ግን ምንም አላለም፤ ሐጂም ይህን ልብ አሉ።

በላቸው ዳግመኛ አስነሳለትና ማኒቬላውን ከጎኑ መቀመጫው ላይ አኖረለት። እንግዲህ በበቅሎ ነጋዴ ዘንድ ያለውን ወግ የወሎ ሰው ያውቀዋል። ሻጭ በቅሎዋን ይሰጣል እንጂ ገመዱን አይሰጥም፤ ገመዱን የሰጠ የቤቱን ሲሳይ አብሮ ሰጠ ነው። የጠላቱን ገመድ ይዞ የገባ ደግሞ የጠላቱን ዕጣ እቤቱ አስገባ ነው። ኑርሁሴን ዕድሜውን ሙሉ ገመድ ሲፈታና ሲመልስ የኖረ ሰው ነው። ያ በባሽር መዳፍ የለሰለሰ ብረት ከጎኑ ተጋድሞ ሲያየው፣ ሁለት በጋ የተማረው ሁሉ ከራሱ ወጥቶ ሄደ። በሁለት ጣቱ አነሣና ባሽር እግር ሥር ወረወረው።

«ገመድህን ያዝ» አለው። «ከቤትህ ገመድ ይዤ አልወጣም።»

ሐጂ ወሌ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደግ አደረግህ ማለታቸው ነው። በላቸው ሊናገር አፉን ሲከፍት ባሽር በዓይኑ ዘጋው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብረቱን አነሣና አቧራውን በቀሚሱ ጠረገ።

«እውነትህን ነው» አለ። «ወግ ነው።»

ቀኑን ሙሉ ሲስቅ የዋለ ሰው፣ ይህን ሲል አልሳቀም። ኑርሁሴን ልብ ቢል ኖሮ ይህ ይበቃው ነበር። ልብ አላለም። ማርሹን አስገብቶ ከበሩ ወጣ።

ያንን መንገድ ስንቴ ወጥቶታል፤ በእግር፣ በበቅሎ፣ በጭነት መኪና ጀርባ። እንዲህ ግን ወጥቶት አያውቅም። ነፋሱ ጥምጣሙን ሊወስድበት ሲታገለው አውልቆ ከጉልበቱ ሥር ሸጎጠው። የመጀመሪያው ጥምዝምዝ ሲመጣ ፈራ፤ ሁለተኛውን ወደደው፤ ሦስተኛው ላይ ይኸው ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። ቀይዋ ዳገቱን አትፈራም። ማርሽ ሲቀንስላት ትጮኻለች፤ ስትጮኽ ትወጣለች። ኮምቦልቻ ከሥሩ እየራቀች፣ ሜዳው እየሰፋ፣ አየሩ እየበረደ ሄደ። ካንድ ጥምዝምዝ እስከ ሌላው ድረስ ባሽርን ረሳው። ዳለቻንም ረሳት፤ ይህ ትዝ ሲለው አፈረ።

የረሳት ግን ወደ ሞተችበት ቦታ ሲቃረብ ነበር። እዚያ ጥምዝምዝ ላይ የክረምቱ ናዳ የመንገዱን ግማሽ ይዞታል፤ ገና አልተጠረገም። በፍጥነት ታጠፈ። ከፊቱ፣ በቀረችው ጠባብ መንገድ መካከል፣ አንድ ሰው የተጫነች በቅሎ እየሳበ ይሄዳል።

እጁ ጡሩንባው ላይ አረፈ። እዚያው ጥምዝምዝ፣ እዚያው ገደል አፋፍ፣ የበቅሎ ጀርባ ከፊቱ። አልነፋም። በሁለት እግሩ ፍሬኑ ላይ ቆመ፤ ሞተር እንዳይጠፋ የሚረገጠውን ፍሪሲዮንም ረሳ። ቀይዋ አንዴ ተንፈራገጠችና ከናዳው እስከ ገደሉ ድረስ መንገዱን በሰያፍ ዘግታ ቆመች፤ ሞተሯም ጠፋ። ከበቅሎዋ ጭራ እስከ መኪናዋ አፍንጫ አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ የመናዊው ሹፌር እንዳስተማረውም የሞተሩን ቁልፍ ዘጋ። ከዚያ ማኒቬላውን ሊያነሣ ወደ ጎኑ ተዘረጋ። መዳፉ ባዶ የመቀመጫ ቆዳ ዳሰሰ።

ሰውየው ሞላ ነው፤ የሐጂ ወሌን መሬት ከኮምቦልቻ ወዲያ ሐርቡ ላይ የሚያርስ፣ ከኑርሁሴን ጋር የቆየ ትውውቅ ያለው። በቅሎዋም የሐጂ ጉራች ናት፤ የሐጂን የማሽላ ድርሻ ተሸክማለች።

«እንዴት ዋልህ ኑሬ» አለ ሞላ። «ቀስ ብትል ምን ነበረበት? የማን ናት ደግሞ ይቺ?»

«የኔ ናት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አለች?»

«ገመዷን ኮምቦልቻ ትቼ ነው» አለ ኑርሁሴን። ሞላ ሊስቅ ከጀለውና ፊቱን አይቶ ተወው።

ቁልቁል ለቅቆ በማርሽ ማስነሳት እንደሚቻል ኑርሁሴን ያውቃል። ግን ቁልቁሉ የሚወስደው ወደ ባሽር በር ነው። ባሽር ይህንንም አስልቶታል፤ ለዚህ ነው ያልሳቀው። ወይ ተመልሶ መጥቶ እጅ ይነሣል፣ ወይ መንገድ ላይ ተገትሮ ያገኘዋል። በገዛ ወጉ አሰረው። ኑርሁሴን ሞኝነቱን ሲያስብ በሐጂ ፊት ብረቱን የወረወረበትን እጁን ሊነክሰው ቃጣው።

ያን ጊዜ ከታች ጡሩንባ ተነፋ። ሩቅ ነው፤ ግን የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ከመኪናዋ ዘሎ ወረደ። «ሞላ፣ በቅሎዋን ወደ ናዳው አስጠጋት። ከገደሉ አርቃት።»

«ይቺን? ይቺ እኮ የሐጂ ጉራች ናት። ዓለም ቢገለበጥ ጆሮዋን አታነሣም።»

«እባክህ አርቃት።»

ሞላ ትከሻውን ነቅንቆ ገመዱን ሳብ አደረገ። ጥቁሯ መኪና ከመታጠፊያው ብቅ ስትልና ጡሩንባዋ ሲጮኽ አንድ ሆነ። ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ መለሰው። ባሽር መንገዱ መዘጋቱን ሲያይ ደግሞ ነፋ፤ ሠለሰ። ጉራች በሁለት እግሯ ቆመች። የማሽላው ጆንያ ተንሸራቶ ሞላን ገፈተረውና ገመዱ ከእጁ ወጣ። በቅሎዋ በኋላ እግሮቿ ወደ አፋፉ ሄደች።

ኑርሁሴን ገመዱን ከአየር ላይ ያዘው። ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለባት። ኮቴዋ ትከሻውን ላጠው። እሱ ግን ለበቅሎ ብቻ የሚያወጣት አንዲት ዝቅ ያለች ድምፅ አለችው፤ እሷን በጆሮዋ ያንቆረቁርላት ጀመር። ወረደች። እንደገና ልትነሣ ሞከረችና ተወችው። ቆዳዋ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ግንባሯን ደረቱ ላይ ደገፈች።

ጥቁሯ መኪና ቆማለች። ወደ ደሴ ሊመለሱ ከባሽር ጋር የተሳፈሩት ሐጂ ወሌ በሩን ራሳቸው ከፍተው ወረዱ። ቀስ ብለው መጥተው መዳፋቸውን በቅሎዋ አንገት ላይ አሳረፉ። ወደ ገደሉ አዩ፤ ከታች የዳለቻ አጥንት እስካሁን ይነጣል።

«ሱብሐነላህ» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «እኔ እኮ ነኝ የፈረድሁ።»

ባሽር ማኒቬላውን ይዞ ወርዷል። ሲመጣ ያዘጋጀው ቀልድ እንደነበረው ፊቱ ላይ ያስታውቃል፤ አሁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ወደ ላይ ማለፍ አይቻልም፣ ቀይዋ አለች። ቀይዋን ወደ ኋላ ቢለቋት የምታርፈው በሱ መኪና አፍንጫ ላይ ነው። ብረቱን ለኑርሁሴን ዘረጋለት።

«እንካ። አስነሳና መንገዱን ልቀቅ።»

ኑርሁሴን ገመዱን ለሞላ ሰጠና ተመልሶ መሪው ላይ ተቀመጠ። ብረቱን አልተቀበለውም።

«የኔ አይደለም» አለ። «ገመዱ ያንተ ነው። አንተው አዙር።»

ባሽር ወደ ሐጂ ተመለከተ። ሐጂ ወሌ ከበቅሎዋ አንገት እጃቸውን ሳያነሡ፣ «አዙርለት» አሉ።

ባሽር ነጭ ቀሚሱን ሰብስቦ ቀይዋ ፊት ተንበረከከ። ብረቱን ሰክቶ አዞረ። ምንም የለም። አዞረ። ሞተሯ ጉርምርም እንኳ አላለችም። ወዛው በጆሮው ሥር ይወርድ ጀመር፤ ቀሚሱ ጉልበቱ ላይ ጭቃ ለበሰ። «ምን አድርገሃታል?» አለ ወደ መሬት እያየ። ደግሞ አዞረ፤ ብረቱ አመለጠውና ጣቱን ላጠው። ሞላ ጆንያውን ማንሣት ትቶ ያየዋል።

ሐጂ ወሌ ቀረብ አሉ። ዓይናቸው በኑርሁሴን ቀኝ እጅ ላይ፣ እጁም ካልተከፈተ ሞተር የማያስነሣው፣ የተዘጋው ቁልፍ ላይ ነበር። እሳቸውም አዩ፤ ማየታቸውንም ኑርሁሴን አየ። ኃይለኛ ቁጣ ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌው ግን መቁጠሪያቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ባሽር» አሉ። «ይህቺ መኪና የምትጠብቀው ክንድህን አይመስለኝም፤ ስለ ዳለቻ የምትለውን ነው።»

ባሽር ቀና አለ። የሐጂን ፊት አየ፣ የኑርሁሴንን ፊት አየ፣ ከዚያም ቁልፉ ላይ ያለውን እጅ አየ። ብረቱ ከእጁ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከኋላቸው ጉራች አሁንም እየተንቀጠቀጠች ታነፈንፋለች። ፀሐይዋ ከጦሳ ጀርባ ልትገባ ነው፤ መንገዱ ላይ የሌላ መኪና ድምፅ አይሰማም።

ባሽር ከንፈሩን በምላሱ አራሰና አፉን ከፈተ።

የኑርሁሴን ጣቶች ቁልፉን ጨብጠዋል። ገና አላዞሩትም።